የሞተራችን አንገት

(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የማህበሩን ሞተር ጉዳይ አጣርተን እንድናቀርብ ሦስታችንን ወክላችሁን ነበር። «ሴቶች ስለ ሞተር ጥገና ምን ያውቃሉ?» ብሎ የሳቀብንም አልጠፋም። እውነቱን ለመናገር እኛም አናውቅም ነበር። ግን ጋራዥ ሄደን ቁጭ ብለናል፤ ሲፈታ አይተናል፤ የተበላውን ብረት በጣታችን ዳስሰን ተመልሰናል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ!

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የሞተሩ መሪ ስለሚዞርበት አንገት። ይህ አንገት መበላቱን ሞተር ነድታ የማታውቅ ሴት እንኳን ያለ ምንም መፍቻ በአምስት ደቂቃ ልታውቀው ትችላለች። እኛ ግን አላወቅንም። ሲነገረንም አልሰማንም።

የሆነውን በከፊል ታውቃላችሁ። ሞተሩን ከቁጠባችን ላይ ብድር ጨምረን ስንገዛው፣ ከየቀበሌው ማርና እህል ወደ ሰቆጣ ገበያ እንዲያመጣልን፣ የታመመ ሲኖር ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲያደርስልን ነበር። የሚነዳው የአንዷ አባላችን ልጅ ነው። ክረምቱ እንደወጣ መጥቶ «መሪው መሃል ላይ ይያዝብኛል፤ የፊት ፍሬን ስይዝም ከሥር ኳ ይላል» አለን። እኛ የዚያን ወር የብድር ክፍያ እናስብ ነበርና «እስከ ጥር ይቆይ» ብለን መለስነው። ልጁም አንድ ዳዶ የሚያጠብቅለት ሰው ፈልጎ አስጠበቀው። ኳታው ቀረ። እኛም በጥቂት ብር ተገላገልን ብለን ደስ አለን።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በአስከተማ መንገድ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ድንጋይ ሊሸሽ መሪውን ነካ ሲያደርገው መሪው አልታዘዘውም። ከኋላ የተቀመጠችው እህታችን ወደቀች፤ ትከሻዋ አካባቢ አጥንቷ ተሰበረ። ማሩም መንገድ ላይ ፈሰሰ። ስሟን እንዳንጠራ ጠይቃናለች፤ ዛሬ ግን ከመካከላችን ተቀምጣለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ዕለት እኛ ምን አልን? «ልጁ እየፈጠነ ነው» አልን። እናቱ አንገቷን ደፍታ ከዚህ ቤት ወጣች።

ጋራዥ ሲፈታ ግን ሌላ ነገር አየን።

የሞተር መሪ ልክ እንደ በር በማጠፊያ ነው የሚዞረው። ከመሪው ሥር ሞተሩ አካል ላይ አጭር የብረት ቱቦ አለ፤ አንገት የምንለው እሱን ነው። የፊት ጎማውንና ሾኮቹን የያዘው ዘንግ በዚህ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ኩሽኔታ አለ። በብዙ ሞተሮች ላይ ኩሽኔታው ሁለት የብረት ቀለበትና በመካከላቸው የሚሽከረከሩ፣ ልጆች እንደሚጫወቱበት ብይ ያሉ፣ ግን ትናንሽ የብረት ኳሶች ናቸው። በአንዳንዱ ደግሞ በኳሱ ፈንታ ጠባብ ዘንጎች ይገባሉ። ግሪስ ተቀብተው በለሰለሰ ቀለበት ላይ ሲንከባለሉ መሪው በጣት ይዞራል።

የእኛ የታችኛው ቀለበት ለስላሳ አልነበረም። ኳሶቹ በተቀመጡበት ልክ ትናንሽ ጉድጓዶች በተርታ ተቦርቡረውበታል። መካኒኩ ምክንያቱን ሲያስረዳን ነገሩ ቀላል ነው። ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። በኮረኮንች ላይ ጎማው በዘለለ ቁጥር ምቱ ወደ አንገቱ ይወጣል፤ ኳሶቹም ያንኑ ቦታ ደጋግመው ይወቅራሉ። ወንዝ ስንሻገርና ሞተሩን ወንዝ ዳር ስናጥብ ውኃ ገብቶ ግሪሱን ያጥበዋል፤ በበጋ ደግሞ አቧራው ይገባና እንደ አሸዋ ይፈጫል። ዳዶው ትንሽ ከላላ ምቱ ይብሳል። ከሁለቱ ሸክሙ የሚበዛበት የታችኛው ስለሆነ ቀድሞ የሚበላውም እሱ ነው።

እንግዲህ ዳዶውን ሲያጠብቁት የሆነው ይህ ነው። ኳሶቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ ይበልጥ ተጣብቀው ገቡ። ኳታው ቀረ፤ በሽታው ግን ተሸፈነ እንጂ አልዳነም። ሞተር ቀጥ ብሎ የሚሄደው ነጂው ሳያስበው እንኳ መሪውን በጥቂት በጥቂቱ ስለሚያስተካክል ነው። መሪው ከጉድጓዱ አልወጣም ካለ ያ ማስተካከል ይቀራል፤ ሲወጣም በድንገት ይወጣል። ልጁ አልፈጠነም ነበር። አስቀድሞም ነግሮን ነበር።

አሁን መፈተሻውን እንንገራችሁ። ሁለት ሰው ይበቃል።

መጀመሪያ ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ በመሃል ማቆሚያው አቁሙ። አንዷ ከኋላ ተጭና ስትይዝ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳል። የመሃል ማቆሚያ ከሌለው ከሞተሩ ሆድ ሥር ጠንካራ እንጨት አድርጉና በደንብ ይያዝ፤ እንዳይወድቅባችሁ።

አንደኛ፣ መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ይዛችሁ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። እንደ ቅቤ መዞር አለበት። ልክ መሃል ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ከተቀመጠ ቀለበቱ ተቦርቡሯል ማለት ነው። ሲዞር እንደ አሸዋ ከተንኮሻኮሸ ግሪሱ ደርቋል ወይም ቆሻሻ ገብቷል። ከዳር እስከ ዳር ከከበደ ደግሞ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ወይም የፍሬን ወይም የነዳጅ ገመድ ይዞታል።

ሁለተኛ፣ ከፊት ተቀምጣችሁ የሁለቱን ሾኮች የታች ጫፍ ያዙና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉ፣ ሳቡ። ሌላዋ ጣቷን አንገቱ መጋጠሚያ ላይ ታድርግ። ጣቷ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ከተሰማት ኩሽኔታው ላልቷል ወይም ተበልቷል።

ሦስተኛ፣ ጎማውን ወደ መሬት መልሱና የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ሞተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዙት። ኳ ካለ ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬ ያልነው ያው ድምፅ ከሾክ ወይም ከፍሬኑ ራሱ ሊመጣ ስለሚችል ነው። ስለዚህ በዚህ ብቻ አትፍረዱ፤ ከፊተኞቹ ሁለቱ ጋር አመሳክሩት። መሪው ሲንቀጠቀጥም የጎማው ነፋስና የጎማው ኩሽኔታ አብሮ ይታይ።

መላላት ብቻ ከሆነና ሲዞር ለስላሳ ከሆነ ማስተካከል ይበቃዋል። መሃል ላይ ከተያዘ ግን ማጥበቅ አያድነውም፤ መቀየር አለበት። ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ።

ሥራው የመካኒኩ ነው። ገንዘቡ ግን የእኛ ነውና ቆመን ማየት የሚገባንን ጽፈን አምጥተናል።

ከላይም ከታችም ይቀየር። ኳሱ ብቻ ተቀይሮ የተቦረቦረው ቀለበት ከቀረ አዲሱ ኳስ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ብራችንም ይባክናል። አሮጌው ሲወጣ ኳሶቹ ይቆጠሩ፤ የላዩና የታቹ በቁጥርም በመጠንም ሊለያዩ ስለሚችሉ ለየብቻ ይቀመጡ። አሮጌውን ቀለበት ይዛችሁ መለዋወጫ ቤት ሂዱና ከአዲሱ ጋር አስተያዩት።

ቱቦው ውስጡ በናፍታ ታጥቦ ይድረቅ። አዲሱ ቀለበት ሲገባ ኳሱ የሚሽከረከርበት ፊቱ በመዶሻ አይመታ። በላዩ አሮጌው ቀለበት ወይም ልኩ የሆነ ቱቦ ተደርጎ፣ ዙሪያውን እኩል እየተመታ ይግባ። ሲቀመጥ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል፤ እኛም ሰምተነዋል። በአንድ ወገን ከፍ ብሎ ከቀረ እንደገና ይስተካከል። ግሪሱ አይሰሰትበት፤ ኳሶቹን እንደ ሊጥ ይዞ የሚያስቀምጣቸው እሱ ነው።

ሲጠብቅ ደግሞ መጀመሪያ ጠንከር ተደርጎ መሪው ወዲያ ወዲህ ይዙር፤ ቀለበቶቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ላላ ተደርጎ፣ መነቃነቁ እስኪጠፋ ብቻ ይጠበቅ። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሳለ መሪው ከመሃል ትንሽ ሲነካ በራሱ ክብደት ወደ ጎን መውደቅ አለበት። የላይኛው ዳዶ ሲጠብቅ ልኩ ሊለወጥ ስለሚችል ሁሉም ካለቀ በኋላ እንደገና ይፈተሽ። አንድ ሳምንት ከተነዳ በኋላም ይመለስ፤ አዲስ ነገር ሲለምድ ይላላልና። «ማታ አድርሱልኝ» ብላችሁ አታስቸኩሉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እህቶቻችን፣ ይህን ሁሉ ያልነው ለአንድ ሞተር ብለን አይደለም። አገራችንን ታውቋታላችሁ። ከሰቆጣ ወጥቶ ወደ ደሃናም ሆነ ወደ ዝቋላ የሚሄድ ሰው ዳገትና ቁልቁለቱን፣ ድንጋይና ወንዙን ሳያይ አይደርስም። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ክትባት ይዞ የሚወጣው፣ ከብት ሊያክም የሚሄደው፣ ምጥ የያዛትን ሴት እስከ መኪና መንገድ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ሞተር ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቀረት የገባው ቃል በከተማችን ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። ያ ቃል ተራራው ላይ ያለችው እናት ዘንድ እንዲደርስ የሚወጣ ሰው በሰላም መድረስ አለበት። ሁላችንም ልጅ፣ ባል፣ ወንድም ወይም እህት በሞተር ላይ አለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንድታጸድቁልን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ከገበያ ቀን በፊት በየተራ ሁለት ሁለት አባላት ሞተሩን ባሳየናችሁ መንገድ ይፈትሹ፤ ያገኙትም በመዝገብ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከሞተሩ ገቢ ላይ ለመለዋወጫ የሚሆን ለብቻው ይቀመጥ፤ ከብድር ክፍያው ጋር አይቀላቀል፤ «እስከ ጥር ይቆይ» የሚያስብለን እሱ ነውና። ሦስተኛ፣ ነጂው ችግር አለ ብሎ ሲናገር እስኪፈተሽ ድረስ ሞተሩ ይቁም። የቆመበት ቀን ገቢም ከነጂው ድርሻ አይቆረጥ። ስለ ተናገረ የሚጎዳ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

የቀረን አንድ ነገር ነው። የልጁ እናት ዛሬ መጥታለች። ያን ዕለት በዚህ ቤት በልጇ ላይ የፈረድነው እኛ ነን፤ «ይቆይ» ያልነውም እኛው ነን። የተቦረቦረውን ቀለበት ይዘነው መጥተናል፤ እየተቀባበላችሁ በጣታችሁ ዳስሱት። ከዚያ ሁላችንም ተነስተን ይቅርታ እንጠይቃት።