ጠርሙሱን የሰበረው ሐኪም
(በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እየተባልን ነው ያደግነው። ግን ሰው በሽታውን ለምን ይደብቃል? ከማንስ ነው የሚደብቀው? ዛሬ የማወራላችሁ መጽሐፍ ይህን ጥያቄ ያነሳል። የግብፃዊው ደራሲ የያህያ ሐቂ «የኡም ሃሽም ቀንዲል» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 የታተመ አጭር ልቦለድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢስማኢል ካይሮ ውስጥ ሰይዳ ዘይነብ ሠፈር ያደገ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ከጉሮሮው ቀንሶ እንግሊዝ አገር ያስተምረዋል። ከሰባት ዓመት በኋላ የዓይን ሐኪም ሆኖ ይመለሳል። በመጣበት ሌሊት ምን ቢያይ ጥሩ ነው? እናቱ በአጎቱ ልጅ በፋጢማ የታመመ ዓይን ላይ ከመስጊዱ ቀንዲል የመጣ ዘይት ጠብ ስታደርግ! ጠርሙሱን ነጥቆ ይወረውረዋል። ያም አልበቃው ብሎ መስጊድ ገብቶ ቀንዲሉን ይሰብራል። ሕዝቡም ሊገድለው እስኪደርስ ይቀጠቅጠዋል።

እስከዚህ ድረስ እኔ ከሐኪሙ ጋር ነኝ። ዘይቱ ዓይኗን እየጎዳው ነበርና። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ኢስማኢል ራሱ በዘመናዊ መድኃኒት ያክማታል፤ ፋጢማ ጭራሽ ትታወራለች። የሚድናት ሰውዬው ንቀቱን ትቶ፣ ሰፈሩንና እምነቱን አክብሮ፣ በትዕግሥት እንደገና ሲያክማት ነው።

ይህን ሳነብ የታየችኝ አክስቴ ናት። የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። አንድ ቀን ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ከዘምቢሏ ውስጥ የጠበል ሃይላንድ ብቅ ብሎ አየ። «እዚያው ጠበልሽ ጋ አትሄጂም? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት። በአንቺታ፣ ያውም ወረፋ በሚጠብቀው ሰው ፊት! እኔስ? ዝም አልኩ። በሆዴ «እውነቱን ነው» ብያለሁ፣ አልዋሻችሁም። አክስቴ ተመልሳ አልሄደችም። እግሯ ላይ የወጣውን ቁስል ከእኛም ደበቀችው። ስናውቅ መሽቷል፤ እግሯ ተቆረጠ።

በሌላ በኩል ደግሞ ሕመምተኛውን «ክኒንህን ጣል» የሚሉ አሉ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ጠበል ቦታ ያሉ ብዙዎች ክኒኑን መዋጥ እምነት ማጉደል መስሏቸው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ ኃጢአት አይደለም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ከሐቂ ልቦለድ ስድሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከደራሲው ጋር የምጣላበት ነገር አለ። መጨረሻውን ያነበበ ሰው ዘይቱ ነው ያዳናት ሊል ይችላል። ዘይት ዓይን አያድንም፤ ጠበልም የስኳር መርፌን አይተካም። ይህን በግልጽ መናገር አለብን። ግን ለማን ነው የምንናገረው? በምን አንደበት? ኢስማኢል በመጨረሻ የድሆች ሠፈር ውስጥ ክሊኒክ ከፍቶ በአንዲት ቅርሽ ያክማል፤ ሰዉም ይሰማዋል።

የአክስቴ ሐኪም እውቀት አልጎደለውም። «እማማ፣ ጠበሉንም ይጠጡ፣ መርፌውን ግን እንዳይተዉ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። እኔም አፍ ነበረኝ።