ገበሬ ለልጆቹ ስለሚያካፍለው ነገር

ገበሬ የሚለው ስም ገብረ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው። ገብረ በግዕዝ ሠራ፤ አደረገ ማለት ነው፤ ገበረ በአማርኛ ግን ግብር ሰጠ ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ሰውየው የሚሠራና የሚከፍል መሆኑን ይናገራል እንጂ ለማን ብሎ እንደሚደክም አይናገርም። ይህን ለማወቅ የሚወድ የአንዱን ገበሬ ዕድሜ ከልጅነቱ እስከ ሽምግልናው መከታተል ይገባዋል። ይልቁንም ለመምህር ያስፈልገዋል፤ ልጁ በዘርና በአጨዳ ጊዜ ከትምህርት ቤት ሲቀር አባቱን የትምህርት ጠላት ነው ብሎ ለመፍረድ እንዳይቸኩል።

በ1925 ዓመተ ምሕረት ገደማ በጎጃም ደጋ የተወለደ ገበሬ ይታሰብ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ እርሱን የሚመስሉ ሽማግሎች ዛሬም በየአጥቢያው አይጠፉምና። 6 ዓመት ሲሆነው ጥጃና ግልገል ጠባቂ ሆነ፤ ቀጥሎም ከብት ጠባቂ። ከቄሱ ዘንድ ፊደል ጀምሮ ነበረ፤ ነገር ግን ከብቱን የሚረከበው ታናሽ ወንድም ስላልነበረው ከሀ ሁ ሳያልፍ ቀረ። 12 ዓመት ሲሆነው አባቱ እርፍ አስጨበጠው። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋራ በምራን ማሰር፤ ማረሻውን በወገል ማጥበቅ፤ ድግሩን ማስተካከል በአንድ ክረምት ይለመዳል። ጤፍ የሚዘራበትን መሬት አራትና አምስት ጊዜ አርሶ፤ አይሞ፤ አለስልሶ፤ ከዚያም ዘሩ በየትኛው ዝናብ መውደቅ እንዳለበት ማወቅ ግን የብዙ ዘመን ትምህርት ነው። ይህም ትምህርት መጽሐፍ የለውም፤ ፈተናው ግን የቤተ ሰቡ ረኃብ ነው።

ሲያገባም ሁለቱ ወላጆች ከብትና እህል ቆጥረው ጎጆ መውጫ ሰጡት። እርሱ የደረሰው አንድ በሬ ብቻ ስለ ነበረ፤ እንደ እርሱ ባለ አንድ በሬ ከሆነ ጎረቤት ጋራ መቀናጆ ገብቶ አንድ ቀን የራሱን፤ አንድ ቀን የባልንጀራውን መሬት ሲያርስ ብዙ ዓመት ኖረ። መሬቱ በአባቱም በእናቱም ወገን የመጣ ርስት ነበረ። በዚያ አገር ወንዱም ሴቲቱም ልጅ ከርስት የመካፈል መብት ስለ ነበራቸው፤ ገበሬው የአያቶቹን ስም እየቈጠረ በዳኛ ፊት መቆሙ ከእርሻው ሥራ የሚያንስ አልነበረም። በ1960 ዓመተ ምሕረት ዐሥራቱ ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር በተደነገገ ጊዜ፤ በዚያው ዓመት የጎጃም ገበሬዎች ያመፁት ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። መሬቱ ከተለካ ርስታችን ይነካል፤ ለልጆቻችንም የምናወርሰው አይኖርም ብለው ስለ ፈሩ ነው።

ስለ ዘር ጥቂት መናገር ይገባል፤ የገበሬው ፍቅር ከሁሉ አብልጦ የሚታየው በዚህ ነውና። ከአውድማ የተመለሰው እህል ሲከተት ለዘር የሚሆነው ተመርጦ ለብቻው በጎታ ይቀመጣል። ስንት ቁና እንደ ሆነና ስንት እንደ ጐደለ ጠንቅቃ የምታውቀው ሚስቱ ናት፤ ስለ ገበሬ የሚጽፉ ሰዎች ግን ይህን ለመጥቀስ ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ለምግብ የተያዘው እህል ያልቃል። ያን ጊዜ አባትና እናት አንድ ጊዜ በልተው ይውላሉ፤ ለልጆቹ ግን ሁለት ጊዜ ይቀርብላቸዋል፤ የዘሩ ጎታ አይነካም። ከዚህም ቢብስ አስቀድሞ ፍየሉ፤ ቀጥሎ ጊደሩ ይሸጣል፤ በሬው የሚሸጠው በመጨረሻ ነው። ይህን ሥርዓት ያስተማረው አያቱ ነው። አያቱም ከ1880 እስከ 1884 ዓመተ ምሕረት የነበረውን ክፉ ቀን በዐይኑ አይቷል፤ በሬው ሁሉ በበሽታ ባለቀ ጊዜ ሰው መሬቱን በዶማ ቆፍሮ ለመዝራት ተገድዶ ነበረና። በሬና ዘር ያጣ ቤት ዝናም ቢመለስለት እንኳ ወዲያው ሊነሣ አይችልም።

በየካቲት 1967 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ አንድ ቤተ ሰብም ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ወሰነ። የርስቱ ሙግትም በዚሁ አበቃ። ከዚያም ወዲህ መሬት ተደለደለ፤ በአማራ ክልል ደግሞ በ1989 እንደ ገና ተደለደለ፤ ለዚህ ገበሬም በመጨረሻ የቀረለት 4 ጥማድ፤ ይኸውም አንድ ሄክታር ያህል ነው። ልጆቹ ግን 6 ናቸው። ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይባላል፤ እውነት ነው፤ መሬቱ ግን ከልጆቹ ጋራ አያድግም። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ 4 ጥማድ ለ6 ልጆች ቢከፈል የአንዱ ድርሻ የአንድ ቀን እርሻ እንኳ አይሞላም።

ይህን አስቀድሞ ስላሰበ ከስድስቱ ሁለቱን ትምህርት ቤት አስገባ። ትምህርት ቤቱ በወረዳው ከተማ ስለ ነበረ፤ ልጆቹ በሶና ድርቆሽ ተሸክመው ሰኞ ማለዳ ይሄዱ፤ ዐርብ ማታ ይመለሱ ነበረ። ለቤት ኪራይ አንዲት ጊደር፤ ኋላም አንድ በሬ ተሸጠ። ከብቱን የጠበቁት፤ በተማሪዎቹም ፋንታ አረም ያረሙት የቀሩት አራቱ ናቸው። በ1995 ዓመተ ምሕረት በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀመር፤ ለእርሱም የእርሱና የሚስቱ ስም በአንድነት የተጻፈበት ደብተር ደረሰው። ሽማግሌው ደብተሩን ገልብጦ ካየ በኋላ ለልጅ ልጁ ሰጣት፤ እርስዋም የአያትዋን ስም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለት። እንደ ገና አንብቢው አላት።

ከዚያ በኋላ ግን ነገር ተነሣ። የተማሩት ሁለቱ እኛም ልጆች ነን፤ ድርሻችንን ብለው ጠየቁ። ያልተማሩትም የእናንተ ድርሻ በጊደሩና በበሬው አልቋል፤ እኛ በጅራፍ ስንውል እናንተ በብርዕ ውላችኋል ብለው መለሱ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ስለዚህም ሽማግሎች ሦስት እሑድ ተቀምጠው ሰሙ። በመጨረሻ አባትየው ራሱ ቈረጠ፤ መሬቱ አይበጣጠስም፤ በመንደሩ የቀሩት አራቱ በአንድነት ይረሱት፤ ወላጆቹን የሚጦረው ታናሹ የጓሮውን ቦታ ይያዝ፤ የተማሩት ደግሞ የወንድሞቻቸውን ልጆች በከተማ ተቀብለው ያስተምሩ አለ። ከተማሩት አንዱ ደስ አላለውም፤ ዛሬም ቅር እንዳለው ነው።

ሽማግሌው 90 ዓመት አልፎታል። ማረሻ ከያዘ ብዙ ዘመን ሆነው። ጠዋት ጠዋት በትሩን ይዞ ከቤቱ በታች ባለው መስክ ይቀመጣል፤ የልጅ ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ድረስ ጥጆቹን የሚጠብቅ እርሱ ነው። በሰኔ ግን በሬዎቹን ተከትሎ መሮጥ ስለማይችል፤ በዘር ሰሞን ልጁ አሁንም ሦስትና አራት ቀን ከትምህርቱ ይቀራል።