ከጋፋት መድፍ እስከ ሮቦት

እሷ፦ የደብረ ታቦር ነገር ሲነሳ ጋፋት ሳይጠቀስ አያልፍም። አፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ያሠሩት እዚያ ነው።

እሱ፦ እሱም በወሬ አልሆነም፤ እየከሸፈ፣ እንደገና እየተሞከረ እንጂ።

እሷ፦ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችንም የምመኘው ይህንኑ ነው። ሮቦቲክስ በስላይድ ብቻ አይለመድም።

እሱ፦ ምሳሌ ልስጥሽ። ሁለት ጎማ፣ ሁለት ሞተር፣ አንድ አርዱይኖ የሚባል የመቆጣጠሪያ ሰሌዳና ርቀት የሚለካ ሴንሰር አለ እንበል። ሴንሰሩ ለጆሯችን የማይሰማ ድምፅ ይለቅና ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። ፕሮግራሙ ትክክል ነው፤ ግን ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ሰሌዳው ጠፍቶ ከሀ ይጀምራል።

እሷ፦ ለምን?

እሱ፦ ሞተሩም ሰሌዳውም በአንድ ደካማ ባትሪ ስለሚሠሩ ነዋ! ሞተሩ ሲነሳ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ሰሌዳው ያጥረዋል። ለሞተሩ የራሱን ባትሪ ሲሰጡት ይስተካከላል። ይህን በእጁ ፈልጎ ያገኘ ተማሪ መቼም አይረሳውም።

እሷ፦ ሰው በምትመስለው ሮቦት በሶፊያ ሶፍትዌር ላይም የአዲስ አበባው ኩባንያ የአይኮግ ላብስ ወጣቶች እጅ አለበት። ይቻላል ማለት ነው።

እሱ፦ እዚያው ደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው የፋርጣ ድንች አምራች ግን ሶፊያን አይጠብቅም። የአፈሩን እርጥበት ለክቶ ፓምፕ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ ይበቃዋል።

እሷ፦ እንግዲህ መምህራን፣ ዕቃው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ አይክረም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ለተማሪዎቹ ስጧቸው፤ ቢያቃጥሉትም ያቃጥሉት!