በልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ወድቀው ስለሚነሡ ሰዎች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ፥ በልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሆነው ጀምረው ደግ ሆነው ስለሚፈጽሙ ሰዎች ነው። ርእሱን በተቀበልን ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። ሦስት አራት መጻሕፍት መርጠን፥ ሰውየው እንዲህ ነበረ፥ ኋላ እንዲህ ሆነ ብለን ልንጨርሰው አስበን ነበር። ነገር ግን ማታ ማታ ከጥናት በኋላ ተሰብስበን ስንነጋገርበት ጠብ እስኪነሣ ድረስ ሐሳባችን ተለያየ፤ ስለዚህ ዛሬ የምናቀርብላችሁ የተስማማንበትን ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ የተከራከርነው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲክንስ በ1843 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላ የምንጠራቸውም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) ባሳተመው የገና ታሪክ ላይ ነው። ስክሩጅ የሚባለው ንፉግ ሽማግሌ ገንዘቡን እንጂ ሰው የማይወድ፥ ጸሐፊውን በብርድ የሚያንቀጠቅጥ ነበር። በገና ዋዜማ ሌሊት መናፍስት መጥተው ያለፈውን፥ ያለውንና የሚመጣውን ቢያሳዩት ሲነጋ ሌላ ሰው ሆኖ ተነሣ፤ ለጸሐፊው ቤት ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ ላከ፥ ደመወዙንም ጨመረለት። ታሪኩ ደስ ያሰኛል፤ ልጆች ሳለንም ወደነዋል። አሁን ስናየው ግን ስክሩጅ ዕድለኛ ነው እንላለን። ሀብታም ነውና፥ ደግ ልሁን ባለ ጊዜ በሩ ሁሉ ተከፈተለት፤ ትናንት ማን ነበርህ፥ እስቲ ወረቀትህን አሳየን ያለው የለም።

ዣን ቫልዣን ግን ወረቀት ነበረው። ይህ ሰው ፈረንሳዊው ቪክቶር ሁጎ በ1862 ባሳተመው «መከረኞቹ» በተባለው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። ለእኅቱ ሰባት ልጆች አንድ ዳቦ ሰርቆ 5 ዓመት ተፈረደበት፤ ሊያመልጥ እየሞከረ በተያዘ ቁጥር እየተጨመረበት 19 ዓመት በሰንሰለት ታስሮ ከባድ ሥራ ሠራ። በ1815 ሲፈታ ቢጫ ወረቀት ሰጡት፤ ይኸውም በደረሰበት ከተማ ሁሉ እንዲያሳየው የታዘዘ፥ ወንጀለኛነቱን የሚናገር ወረቀት ነው። ገንዘብ በእጁ ሳለ የሚያሳድረው አጣ፤ የገባበት የውሻ ቤት እንኳ አላስቀመጠውም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ጳጳስ ተቀብሎ እራት አበላው፥ በንጹሕ አልጋ አስተኛው። እርሱም ሌሊት ተነሥቶ የጳጳሱን የብር ዕቃ ሰርቆ ሄደ። ዘበኞች ይዘው ሲመልሱት ጳጳሱ፥ እኔ የሰጠሁት ነው፤ መቅረዞቹንስ ለምን ተውካቸው ብሎ ሁለት የብር መቅረዞች ጨመረለት።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ እዚህ ላይ ያቆማል። ሁጎ ግን አላቆመም። ዣን ቫልዣን ከዚያ ቤት በወጣበት በዚያው ቀን፥ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፥ ፔቲ ዤርቬ የሚባል ትንሽ ልጅ የጣላትን የ40 ሱ ገንዘብ በእግሩ ረግጦ ያዘ፤ ልጁም እያለቀሰ ሄደ። ያን ያህል ደግነት ከተደረገለት በኋላ! መምህራችን ይህን ገጽ ሲያነቡልን ከኋላ ወንበር «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» የሚል ድምፅ ተሰማና ሁላችንም ሳቅን። ኋላ ስናስበው ግን መጽሐፉን እውነተኛ ያደረገው ይኸው ገጽ መሰለን። ደግነቱ ገና ወደ ልቡ ሳይደርስ እግሩ በልማዱ ቀድሞ ረገጠ፤ ልጁን እየተጣራ ፈልጎ ባጣው ጊዜ ነው በ19 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰው።

ከዚያ በኋላ ስሙን ለውጦ በአንዲት ከተማ የጥቁር ዶቃ ፋብሪካ አቋቋመ፥ ብዙ ድኻ አሠራ፥ ከንቲባም ሆነ። ነገር ግን ሻንማቲዩ የሚባል አንድ ምስኪን፥ ዣን ቫልዣን አንተ ነህ ተብሎ በአራስ ከተማ ፍርድ ቤት ሊቆም መሆኑን ሰማ። ዝም ቢል ከንቲባ ሆኖ ይኖራል፥ ድኾቹም እንጀራቸውን ይበላሉ። ሌሊቱን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት ያደረበትን ምዕራፍ ያላነበበ ቢኖር እንዲያነብ እንለምናለን። በነጋታው ሄዶ፥ የምትፈልጉት እኔ ነኝ አለ። ከእኛ ግማሾቹ፥ እርሱ ከተያዘ በኋላ ሥራው ፈርሶ ለተራቡት ሠራተኞች ማን ይጠየቅላቸዋል ብለው ተከራከሩ። መልስ አላገኘንላቸውም።

ይኸው ዲክንስ በ1859 ባሳተመው የሁለት ከተሞች ታሪክ ውስጥ ሲድኒ ካርተን የሚባል ሰካራም የሕግ ሰው አለ፤ መልኩ የሚመስለውን ሰው ለማዳን በፓሪስ አንገቱን ለጊዮቲን ሰጠ። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንዱ ጓደኛችን፥ ካርተን ያን ቀን ባይሞት ኖሮ በማግሥቱ አይጠጣም ነበርን ብሎ ጠየቀ።

የአገራችንን በላዔ ሰብእንም አነሣን። እርሱን ከልብ ወለድ ጋር አንቈጥረውም፤ ታሪኩ በተአምረ ማርያም የሚነበብ፥ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ላይ የሚሣል ነውና። 78 ሰው የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውሃ ቢያጠጣው፥ ያቺ ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ አመዘነችለት። እኛ ይህን ሥዕል እያየን ነው ያደግነው፤ ሚዛኑ የት ላይ እንደ ተሣለ ዐይናችንን ጨፍነን ልናሳይ እንችላለን።

አሁን ወደ ዣቬር እንመለስ። ዣን ቫልዣንን ዕድሜውን ሁሉ ያሳደደው ይህ የፖሊስ መኮንን ክፉ ሰው አይደለም። ጉቦ አይበላም፥ አይዋሽም፥ ለራሱም አያዳላም። የሚያምነው ግን አንድ ጊዜ የሰረቀ ምንጊዜም ሌባ ነው ብሎ ነው። በ1832 በፓሪስ ዐመፅ ጊዜ ዣን ቫልዣን ሊገድለው ሲችል ለቀቀው። ዣቬርም በተራው ሊይዘው ሲችል ሳይዘው ቀረ፤ ያመነበት ሁሉ ተናወጠበትና ራሱን ወደ ሴን ወንዝ ወረወረ። ስለዚህ ሰው ስናነብ ከክፍላችን ሳቅ ጠፋ፤ ምክንያቱን እንናገራለን።

አሥረኛ ክፍል ሳለን በአዳሪ ቤት አንድ ጓደኛችን፥ ሌላው ልጅ ከእናቱ የተላከለትን ገንዘብ ከሣጥኑ ወሰደ። ተያዘ፥ አመነ፥ ተቀጣ፥ ገንዘቡንም መለሰ። ቅጣቱን ፈጽሞ ሲመለስ እኛ አዲስ ቁልፍ ገዝተን ጠበቅነው። አልሰደብነውም፤ በገበታ ጊዜ ግን ከአጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ነበረ። አንድ ሌሊት የታመመ ትንሽ ልጅ በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰ እርሱ ነበረ፤ ለመታየት ነው አልን። ቀጥሎ የእጅ ሰዓት ጠፋ። ስሙን የጠራ አልነበረም፤ ሁላችንም ግን ወደ እርሱ ዞርን። በሳምንቱ ሰዓቱ ከባለቤቱ ፍራሽ ሥር ተገኘ። በአፋችን አልከሰስነውምና በአፋችን ይቅርታ የጠየቀው አልተገኘም። ለፋሲካ ወደ አገሩ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ቢጫውን ወረቀት የሰጠው ትምህርት ቤቱ አልነበረም።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ደብዳቤ እንጻፍለት የሚል ሐሳብ መጣ። አንዳንዶቻችን ይቅርታ እንጠይቀው አልን፤ ሌሎቻችን፥ መጀመሪያ የበደለ እርሱ ነው፥ ገንዘቡ የተወሰደበትም ልጅ እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል አልን። ሁለት ማታ ከተከራከርን በኋላ ብዕሩን ያነሣው ያው ገንዘቡ የተወሰደበት ልጅ ሆነ። ሰዓቱ ከፍራሽ ሥር እንደ ተገኘ፥ ትምህርቱን ሊቀጥል ቢፈልግም ደብተሮቻችንን እንደምንልክለት ጻፈና ሁላችንም ፈረምንበት። ደብዳቤው ከተላከ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ ጧት ድረስ መልስ አልመጣም።