ማዳበሪያው ከተራገፈ በኋላ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ አመራሮች፣
የተከበራችሁ እንግዶች፤



በአምበሪቾ ተራራ ሥር የሚኖረው የአንጋጫ ገበሬ ስለ ቆሻሻ አያያዝ ከአባቶቹ የወረሰው ትልቅ ዕውቀት አለው። ከእንሰት የሚጣል ነገር የለም። ግንዱና ሥሩ ቆጮና ቡላ ይሆናል። ኮባው ይጠቀለልበታል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይነጠፋል፣ ለከብት ይሰጣል። ቃጫው ገመድ ይሆናል። የቤቱ ጥራጊ፣ የምድጃው አመድና የበረቱ ፍግ ደግሞ በእናቶች እጅ ተመልሶ እንሰቱ ሥር ይደፋል። መሬቱም ተቀብሎ ያበሰብስና ለከርሞ ምግብ አድርጎ ይመልሰዋል።

ዛሬ ግን በዚያው ጥራጊ ውስጥ የማይበሰብስ ነገር ገብቷል። ፌስታል፣ የተቀደደ የማዳበሪያ ጆንያ፣ የብስኩትና የሳሙና መጠቅለያ፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ ያለቀ የፕላስቲክ ጫማ ከፍጉ ጋር ተደባልቆ ወደ ጓሮ ይሄዳል። እንደ ፍጉ አይበሰብስም፤ እየተበጣጠሰ በአፈሩ ውስጥ ይቀራል። የምግብ ሽታ ያለውን ፌስታል ከብት ትውጠዋለች። ከጨጓራዋ ስለማይወጣ ይከማችና መኖ እያላት ትከሳለች፤ ከበዛም ይገድላታል። ስለዚህ ጉዳዩ የጽዳት ብቻ አይደለም፤ የጓሮና የበረት ጉዳይ ነው።

በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለውን የውሃ ጠርሙስና ቁርጥራጭ ብረትን ቆራሌው ይገዛል። ሌላውን ግን የሚጠይቀው የለም። ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በጣም ቀላል ስለሆነ ጥቂቱን ማጓጓዝ አያዋጣም። ሁለተኛ፣ በአፈርና በምግብ ትርፍራፊ የቆሸሸ ነው። ሦስተኛ፣ ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ፌስታል በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቀልጥ ጆንያ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን 160 ገደማ ይፈልጋል። ተደባልቀው ቢቀልጡም በደንብ ስለማይያያዙ የሚወጣው ዕቃ ተሰባሪ ይሆናል።

ይህ ማለት ግን ነገሩ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የመኪና ጎማን እንመልከት። ጎማ ከድኝ ጋር ከበሰለ በኋላ ተመልሶ አይቀልጥም። የኢትዮጵያ ባለሙያ ግን ማቅለጡን ትቶ በቢላዋ ቆርጦ በረባሶ አደረገው። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሠፈር የመሠረቱት ሶልሬብልስ ይህንኑ የቆየ ጥበብ ይዞ ተነሣ። ባለቀ ጎማ ሶል በእጅ የተሠራ ጫማ ለውጭ ገበያ አቀረበ። የአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ያረጀ በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃና የቡና መቁያ ይሆናል።

በቅርቡ ደግሞ፣ በ2013 ዓ.ም. የተመሠረተው ኩቢክ የተባለ ድርጅት ሌላው መልሶ ለመጠቀም የሚቸገርበትን ፕላስቲክ በአዲስ አበባ እየሰበሰበ ያለ ሲሚንቶ የሚገጣጠም የግድግዳ ጡብ ወደ መሥራት ገብቷል።

ያልተሰበሰበና ያልተለየ ቆሻሻ መጨረሻው ምን እንደሆነም አገሪቱ በሐዘን አይታዋለች። መጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አንጋጫ እንዲህ ያለ ክምር የላትም። ሥራውን መጀመር የሚቀለውም ክምሩ ሳይፈጠር ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

ለአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ከሁሉ የሚቀርበው ዕቃ የማዳበሪያው ጆንያ ነው። ሕዝቡ ጆንያውን ራሱን «ማዳበሪያ» ብሎ ሰይሞታል፤ «አንድ ማዳበሪያ ድንች» ይላል። 50 ኪሎ የሚይዝ ባዶ ጆንያ ክብደቱ 100 ግራም ገደማ ነው። አንድ ገበሬ ሁለትና ሦስት ጆንያ ይዞ ገዢ ቢፈልግ አያገኝም። 10,000 ጆንያ ሲሰበሰብ ግን ወደ 10 ኩንታል የሚጠጋ፣ አንድ ዓይነትና የተለየ ፕላስቲክ ይሆናል። ይህን ያህል ጆንያ የሚወጣው ከ5,000 ኩንታል ማዳበሪያ ነው። አንድ ቤተሰብ የማይችለውን ማኅበር ይችላል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ለጆንያውም ይሠራል።

ጆንያው ወደ ፋብሪካ ከመሄዱ በፊት እዚሁ ብዙ ሥራ አለው። ጤነኛው ተፈትቶና በደንብ ታጥቦ እርስ በርስ ቢሰፋ ሰፊ ምንጣፍ ይሆናል። ስንዴና ባቄላ በእሱ ላይ ሲወቃና ሲሰጣ አፈርና ጠጠር አይገባበትም፤ ንጹሕ እህል ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። የተቀደደው በቀጭኑ ተቆርጦ ሲገመድ የከብት ማሰሪያ ይወጣዋል። ከጨርቅ ገበር ጋር ሲሰፋ የገበያ ዘንቢል ይሆናል። መርፌና የልብስ ስፌት መኪና ላላቸው ወጣቶችና ሴቶች ይህ የሥራ በር ነው። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም፤ ፀሐይ ጆንያን ታፈራርሰዋለች። ደጅ ላይ የከረመ ጆንያ ይፈረፍርና አፈር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ተጣጥፎ በጥላ ሥር መቀመጥ አለበት።

መንገዱም ተዘጋጅቷል። ማዳበሪያ ከዩኒየን መጋዘን ወደ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከዚያም ወደ ገበሬው ቤት ይወርዳል። ገበሬው የዘንድሮውን ሊወስድ ሲመጣ የአምናውን ባዶ ጆንያ ቆጥሮ ቢመልስ፣ ማዳበሪያ አራግፎ ባዶውን የሚመለሰው መኪና ጆንያውን ጭኖ ይሄዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው በየማኅበሩ መጋዘን አንድ ጥግ፣ አንድ መዝገብና አንድ ኃላፊ ነው። ገዢው ሳይታወቅ ግን መሰብሰብ አይገባም፤ አለዚያ መጋዘኑ ራሱ ቆሻሻ መጣያ ይሆናል። መጀመሪያ ውል፣ ቀጥሎ መሰብሰብ ነው።

ከዚህ ሥራ ጨርሶ የሚወጣ ዕቃ አለ። የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት ዕቃ ለውሃ፣ ለዘይት፣ ለእህልም ሆነ ለሌላ መገልገያ አይሆንም። ሦስት ጊዜ መለቅለቅና ልቅላቂው ወደ መርጫው መገልበጥ አለበት። ከዚያም ተበስቶ ለብቻው ይቀመጥ። ፕላስቲክን በምድጃ ማቀጣጠልም ሆነ በማጀት ማቅለጥ አይገባም፤ ጭሱ መጀመሪያ የሚጎዳው እናትንና ሕፃንን ነው።

ሕጉም ወደዚሁ እያመራ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዲመረትና ከውጭ እንዲገባ ፈቃድ መስጠትን ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። የወረዳና የቀበሌ አመራሮች ሲያስፈጽሙ ለእናቶች ምትክ ዘንቢሉን አብረው ቢያስቡ ትእዛዙ ሥራም ይፈጥራል። ያ ዘንቢል ከዚሁ ጆንያ ሊሰፋ ይችላል።

አባቶች ከእንሰት ምንም ሳይጥሉ ጓሮውን ለልጆቻቸው አስረክበዋል። የዛሬው ገበሬም ማዳበሪያውን ለማሳው ሰጥቶ ጆንያውን ለማኅበሩ ቢመልስ የአባቶቹን ሥራ ቀጠለ እንጂ አዲስ ነገር አልጀመረም።

መልካም በዓል!