ድምፅን ሰምቶ ሕሙምን መርዳት
የፋርማሲ ተማሪዎች በስልክ የጤና አገልግሎት እንዲሰጡ ስለማሠልጠን ለመቱና ለኢሉባቦር ከተሞች ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር



የኮሮና ቫይረስ በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ለኅብረተሰቡ ይሰጥ የነበረው ምክር የታወቀ ነው፤ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ርቀትን መጠበቅ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ያለ በቂ ምክንያት ከቤት አለመውጣት። ምክሩ ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ከቤት መቅረት ለአንዳንዱ ሰው ሌላ አደጋ ያስከትላል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የአስም ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ መድኃኒቱ አልቆ ሳለ ሆስፒታል መሄድን ፈርቶ ቢቀር፣ ቫይረሱ ሳይነካው ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። የኢሉባቦር ክረምት ረጅም ነው፤ መንገዱም በጭቃ ይያዛል። ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ መቱ ካርል ሆስፒታል ለመድረስ ቀድሞም ቀላል አልነበረም፤ ፍርሃት ሲጨመርበት መንገዱ ይበልጥ ይርቃል።

ይህን ርቀት በከፊል ሊያጠብ የሚችለው በብዙ ቤት ያለው ተራ የእጅ ስልክ ነው። በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ግን የሠለጠነ ጆሮ ያስፈልጋል። የፋርማሲ ተማሪዎች ሥልጠና ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

የፋርማሲ ሙያ በአገራችን ለብዙ ዘመን መድኃኒትን ከማዘጋጀትና ከማደል ጋር ብቻ ተያይዞ ይታወቅ ነበር። አሁን መቱ ዩኒቨርሲቲን በመሰሉ ተቋማት የሚሰጠው ትምህርት ታካሚውን ማዕከል ያደረገ ሲሆን፣ ተማሪው ከሐኪሙና ከነርሷ ጎን ቆሞ የመድኃኒትን አጠቃቀም እንዲከታተል ያዘጋጀዋል። በወረርሽኙ ወቅት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ሲያሰናብቱ በሆስፒታል የሚደረገው ልምምድ ተቋረጠ። ተማሪው ከታካሚው ተለየ፤ ታካሚውም ከመድኃኒት ባለሙያው ራቀ። ሁለቱን በስልክ ማገናኘት ለሁለቱም ይበጃል፤ ሆኖም ያለ ሥልጠና ቢጀመር ጥቅሙ ወደ ጉዳት ሊለወጥ ይችላል።

ሥልጠናው ከስልክ አጠቃቀም ሳይሆን ከጥንቃቄ ይጀምራል። በብዙ ቤት ስልኩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ባል፣ ሚስትና ልጆች ይጋሩታል። ተማሪው ደውሎ የሌላውን ድምፅ ሲሰማ የመድኃኒቱን ስም ቢጠራ የታካሚውን ምስጢር አወጣ ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚያነጋግረው ማን እንደሆነ ያረጋግጣል፤ ቀጥሎም «አሁን ብቻዎን መነጋገር ይችላሉ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አልችልም» ከሆነ ሌላ ሰዓት ይቀጥራል። በኤችአይቪ ወይም በአእምሮ ሕመም መድኃኒት ላይ ያለ ሰው በአገልግሎቱ የሚተማመነው ይህ ሲጠበቅለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ዐይን የማያየውን በጥያቄ ማግኘት ነው። ተማሪው «መድኃኒትዎን በደንብ ይወስዳሉ?» ብሎ ቢጠይቅ «አዎ» ከሚል መልስ በቀር አያገኝም። በዚህ ፋንታ ታካሚው በቤቱ ያሉትን መድኃኒቶች በሙሉ ከፊቱ እንዲያስቀምጥ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ራሱ ወይም ማንበብ የሚችል የሚያምነው ሰው እንዲያነብለት፣ የቀሩትንም ፍሬዎች እንዲቆጥር ይጠይቀዋል። ቁጥሩ ስንት ቀን እንደተዘለለና ለስንት ቀን እንደሚበቃ ይናገራል። በኪኒኑ ቀለምና ቅርጽ ብቻ መድኃኒቱን መገመት ግን የተከለከለ ነው።

ለምሳሌ ኢንሱሊን የምትወስድ አንዲት እናት ብትደውል፣ ተማሪው ስለ መጠኑ ብቻ ጠይቆ አይበቃውም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሆነ መጣል ይገባዋል። የተከፈተው ግን ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ሥፍራ ለ4 ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ውኃ የተነከረ የሸክላ ዕቃ ሙቀትን ይቀንሳል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ «ማቀዝቀዣ ግዙ» አይልም፤ በቤቱ ባለው ነገር ይመክራል።

ሦስተኛው ትምህርት ትኩሳትን ይመለከታል። ወባ በሚገኝበት አካባቢ ትኩሳት ሁሉ ኮሮና አይደለም፤ ወባ ነው ብሎ በግምት መደምደምም አይቻልም። ተማሪው ታካሚው የወባ ምርመራ እንዲያደርግ ይመክራል። ኮአርተም የታዘዘለት ሰውም በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ወስዶ እንዲጨርስ፣ ሲሻለው እንዳያቋርጥ ያስረዳዋል። ክሎሮኪንና አንቲባዮቲክ በራስ ፈቃድ እንዳይወሰዱም ያስጠነቅቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የክሎሮኪን ቤተሰብ በሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን በሆስፒታል በተኙ የኮሮና ሕሙማን ላይ ያካሂደው የነበረውን ሙከራ በሰኔ 2012 ዓ.ም. አቁሟል፤ የሞትን ቁጥር አልቀነሰምና። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ በማዕድ ላይ ክፋት የላቸውም፤ የታዘዘን መድኃኒት ግን አይተኩም።

አራተኛው፣ ምክሩ መድረሱን ማረጋገጥ ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ «ግማሽ» የሚለው ቃል ጠፍቶ «ኪኒን» የሚለው ብቻ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ታካሚው የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲናገር ይጠየቃል። ውይይቱም ታካሚው በሚረዳው ቋንቋ ይሁን፤ በአፋን ኦሮሞ የሚነጋገሩ እናት በአማርኛ የተነገራቸውን መጠን በትሕትና ብቻ «እሺ» ሊሉ ይችላሉና።

አምስተኛውና ዋነኛው፣ ወሰንን ማወቅ ነው። ተማሪው መድኃኒት አያዝዝም፤ መጠንም አይለውጥም። ፈቃድ ያለው ባለሙያ በሚቆጣጠረው ሥርዓት ውስጥ ይሠራል፤ የተነገረውንም ይመዘግባል። የትንፋሽ መቸገር፣ የማይለቅ የደረት ሕመም፣ መደናገር ወይም የከንፈር መጥቆር ሲነገረው ምክሩን አቁሞ ታካሚው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ ያደርጋል። «በስልክ የሚፈታ አይደለም» ማለትም የሙያው አካል ነው።

ይህን ሁሉ ለመለማመድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ተማሪዎች ጀርባ ለጀርባ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ታካሚ፣ ሌላው ባለሙያ ይሆናል። መምህሩ ያዳምጣል፤ የተዘለለውን ጥያቄ ያስታውሳል። ፊት ሳይታይ በድምፅ ብቻ መተማመንን መፍጠር በዚህ ዐይነት ይለመዳል።

ከነዋሪው የሚጠበቀው ጥቂት ነው። መድኃኒት ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማሳወቅ፣ ማሸጊያውን አለመጣል፣ ለደዋዩ እውነቱን መንገር፣ ማንነቱን ላላረጋገጠ ሰው ግን ምስጢርን አለመስጠት። ለብዙ ወራት የሚበቃ መድኃኒት በአንድ ጊዜ የመስጠት አሠራር ለፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከወረርሽኙ በፊትም የተጀመረ ነውና፣ ሕመሙ የተረጋጋለት ታካሚ ስለዚህ ባለሙያውን ይጠይቅ። በወረርሽኙ ወቅት ስለ ኮሮና ቫይረስ ለመጠየቅም ሆነ ለመጠቆም በነፃ የስልክ መስመሮች 8335 እና 952 መደወል ይቻል ነበር።

ርቀትን መጠበቅ ሰውን ከሰው መለየት እንዳይሆን፣ የተማረ ጆሮ በስልኩ ጫፍ ይጠብቅ።