ጂኦሜትሪ በሲባጎና በችካል
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው የማኅበራችን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ክረምት ሳይገባ ማለቅ አለበት። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ልጆቻችን ነው። ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ከግንበኛው ጋር ሆነው መሠረቱን እንዲቀይሱ አድርገናል። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ወላጆች «ልጄ እንዲማር ነው እንጂ የቀን ሠራተኛ እንዲሆን አላሳደግሁም» ብለዋል። ቅሬታው መልስ ይገባዋል።

ልጆቹ በደብተራቸው ቀጤ ዘዌ 90 ዲግሪ መሆኑን ጽፈዋል። ሜዳ ላይ ግን ሌላ ሆነ። 3 በ4 ሜትር ለክተው አራት ችካል ተከሉ። ጎኖቹ ሁሉ ልክ ናቸው፤ ላየው ሰው ምንም እንከን የለውም። ግንበኛው ዝም ብሎ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ለካ። አንዱ 5 ሜትር ከ4 ሳንቲም፣ ሌላው 4 ሜትር ከ96 ሳንቲም ሆነ። ታዲያ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ቤቱ ጠማማ ነው፣ ቆርቆሮውም አይገጥምም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሲባጎውን እያንቀሳቀሱ ሰያፉን ልክ 5 ሜትር ላይ አመጡት፤ ማዕዘኑም ቀጤ ሆነ። ምክንያቱስ? 3 ጊዜ 3፣ 9 ነው፤ 4 ጊዜ 4፣ 16 ነው፤ ሲደመር 25 ይሆናል። 5 ጊዜ 5ም 25 ነው። ይኼ ሕግ በግሪካዊው በፓይታጎረስ ስም ይጠራ እንጂ የባቢሎን ሰዎች ከእርሱ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድመው ያውቁት ነበር። ግንበኞቻችንም በየቀኑ ይሠሩበታል።

በሁለተኛው ቅዳሜ አራት እንጨት በአራት ምስማር አያይዘው የበር ማቀፊያ ሠሩ። በእጅ ሲገፋ ተንጋደደ። አንድ እንጨት በሰያፍ ሲመቱበት ግን ሁለት ሦስት ማዕዘን ሆነና አልነቃነቅ አለ። ይህን በእጁ የሞከረ ልጅ በፈተና ቀን ይረሳዋል ብለን አናምንም።

እናቶችም ቤት ውስጥ ልታስተምሩ ትችላላችሁ። የምጣድን ዙሪያ በክር ለክቶ፣ ያንን ክር በምጣዱ መሐል ለመሐል ማሳለፍ ነው። 3 ጊዜ ደርሶ ጥቂት ይተርፋል። ለትንሹም ለትልቁም ምጣድ ያው ነው።

በመሆኑም የሚከተለውን እናሳስባለን።

ልጆቹ ድንጋይ አይሸከሙም፣ መወጣጫ ላይም አይወጡም፤ ሥራቸው መለካት፣ ማስላትና መቀየስ ብቻ ነው። የቤት ሥራውን ያልጨረሰ አይመጣም። ሴቶች ልጆችንም ለውሃና ለቡና ብለን አናስቀራቸው፤ እነሱም እኮ ያንኑ ፈተና ነው የሚፈተኑት።

የፊታችን ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት የጣሪያውን ልክ ስለሚያወጡ ሜትር ያላችሁ እንድታውሱን፣ ልጆቻችሁንም ደብተርና እርሳስ አስይዛችሁ እንድትልኩ በማኅበሩ ስም እንጠይቃለን።